ልጄ ድናለች፤ የጉሮሮ ምርመራዋ ግን አሁንም «ፖዘቲቭ» ይላል

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የ7 ዓመት ልጄን ባለፈው ወር ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያዛት፤ ምራቋን እንኳ ለመዋጥ ታለቅስ ነበር። ክሊኒክ ስወስዳት መጀመሪያ የተሠራላት ፈጣን ምርመራ ኔጋቲቭ ሆነ። ወዲያው ሞለኪውላር የሚባለውን ሲሠሩላት ግን ‹ስትሬፕ ኤ ተገኝቶባታል› ተብሎ አሞክሲሲሊን ለ10 ቀን ታዘዘላት። በ2 ቀን ውስጥ ተሻላት፤ መድኃኒቱንም እስከ መጨረሻው ወሰደች። ከ2 ሳምንት በኋላ ንፍጥና ሳል ሲጀምራት መልሼ ወሰድኋት፤ ያው ምርመራ እንደገና ፖዘቲቭ ሆነና ሌላ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። እሱንም ጨረሰች። አሁን ምንም አያማትም፤ መዳኗን ላረጋግጥ ብዬ ባስመረምራት ለሦስተኛ ጊዜ ፖዘቲቭ ሆነ። የትኛውን ምርመራ ልመን? መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? ቶንሲሏ ይውጣ? የ2 ዓመት ወንድሟስ መመርመር አለበት? አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ደግሞ ‹ልቧን ሳይነካው ኤኤስኦ የሚባለውን የደም ምርመራ አሠሪላት› እያለች እንቅልፍ ነሥታኛለች።»

መልስ፦ ከምርመራዎቹ አንዱም አልተበላሸም። የመጀመሪያው ሞለኪውላር ምርመራ በትክክለኛው ጊዜ ለትክክለኛው ምክንያት ተሠራ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ባይሠሩ ይሻል ነበር። ከጻፉት ሁሉ መድኃኒቱ አልሠራም የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ልጅዎ ዛሬ ሦስተኛ አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም፤ ቶንሲሏም መውጣት የለበትም። ይህን በድፍረት የምናገርበትን ምክንያት ለመረዳት ምርመራው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሞለኪውላር የሚባለው ምርመራ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ፒሲአር በሚል ስም የለመድነው ዓይነት ነው። ጉሮሮዋ የተጠረገበት ዘንግ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ፈሳሹ ውስጥ የገቡት ሕዋሳት ይሰባበሩና በውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ ይለቀቃል። ከዚያ መሣሪያው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂነስ የተባለው ባክቴሪያ፣ ማለትም የስትሬፕ ኤ፣ መለያ የሆነች አንዲት የዘረመል ቁራጭ ይፈልጋል፤ ካገኛት ያባዛታል። በየዙሩ ቅጂው እጥፍ ስለሚሆን ከ30 ዙር በኋላ ከአንዲት ቁራጭ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ካሪ ሙሊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ያሰበው ዘዴ ነው፤ በ1993 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ያኔ የአንድ ላቦራቶሪ ሙሉ ክፍል ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ በአንዲት የታሸገች ካርትሬጅ ውስጥ ይጠናቀቃል። አንዳንዱ መሣሪያ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ሌላው በ15 ወይም በ25 ደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል።

ውጤቱ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» ተብሎ ነው፤ ከኋላው ያለውን ግን ወላጆች አያዩትም። በመሣሪያው ውስጥ ቅጂው እየበዛ ሲሄድ አንድ መስመር ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። በትኩሳት እየነደደ፣ ቶንሲሉ መግል ለብሶ የመጣ ልጅ ናሙና ላይ መስመሩ ገና በ18ኛው ወይም በ20ኛው ዙር ቀጥ ብሎ ሲነሣ አያለሁ። ሌላ ልጅ ላይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ይቆይና 35ኛው ዙር አካባቢ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። በሁለቱ ልጆች ጉሮሮ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ መጠን ልዩነት በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቆጠር ነው። በወረቀቱ ላይ የሚታተመው ቃል ግን አንድ ነው። ልዩነቱን ከሌላ ቦታ፣ ማለትም ከልጁ ሕመም ማንበብ ግድ የሚለው ለዚህ ነው። የመስመሩ መነሻ ብቻውን ሕመምተኛውን ባክቴሪያውን ይዞ ሳይታመም ከሚኖረው ተሸካሚ በእርግጠኝነት ስለማይለይ፣ ቁጥሩ ይነገረኝ ብሎ ክሊኒኩን ማስጨነቅም መፍትሔ አይሆንም።

ስለዚህ ምርመራው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የዚህ ባክቴሪያ ዘረመል በዘንጉ ላይ አለ ወይስ የለም? ባክቴሪያው በሕይወት ይኑር ይሙት አይነግረንም። አንድ ቤት ውስጥ የተገኘ የጣት አሻራ ባለቤቱ አሁንም እዚያው ተቀምጧል እንደማያሰኝ ሁሉ፣ በመድኃኒት የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ከሕክምና በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ጉሮሮ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ባክቴሪያው በሕይወት ቢኖር እንኳ ያሳመማት እሱ ነው ወይስ ዝም ብሎ ተቀምጧል የሚለውም ከመሣሪያው አቅም በላይ ነው። መዳንን ለማረጋገጥ የተሠራ መሣሪያ ባለመሆኑም፣ ምልክቱ የጠፋለት ሰው ከሕክምና በኋላ በመደበኛነት እንዲመረመር የሚያዝ መመሪያ የለም። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በ2012 ያወጣው መመሪያ ይህን በግልጽ ይቃወማል።

አሁን የመጀመሪያውን ቀን እንመልከት። አንዱ ምርመራ ኔጋቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ መሆኑ እርስ በርስ መጋጨት አይደለም። ፈጣኑ ምርመራ ዘረመል አይፈልግም፤ የሚፈልገው በባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ያለውን የስኳር ዓይነት ነው። በ1933 ሬቤካ ላንስፊልድ የተባሉት አሜሪካዊት ሳይንቲስት ስትሬፕቶኮከሶችን በዚሁ የግድግዳ ልዩነት ለይተው ፊደል ሰጧቸው፤ «ስትሬፕ ኤ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ፈጣኑ ምርመራ ምንም ማባዛት ስለማያደርግ ወረቀቱ ላይ መስመር እንዲታይ ብዙ ባክቴሪያ ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት በእርግጥ ስትሬፕ ካለባቸው 100 ልጆች 85 ያህሉን ብቻ ያገኛል፤ 15ቱ ያመልጡታል። ፖዘቲቭ ሲል ግን ባክቴሪያው ስለመኖሩ አብዛኛውን ጊዜ ይታመናል። ሞለኪውላሩ ከ100ዎቹ 97 እና ከዚያ በላይ ያገኛል። ልጅዎ ከ15ቱ አንዷ ነበረች፤ ምልክቷም ከውጤቱ ጋር ይስማማ ነበር፤ ስለዚህ መታከሟ ትክክል ነበር።

ከሁለቱ በፊት የነበረውና እስከ ዛሬም መመዘኛ ሆኖ የቆየው ካልቸር ነው። ናሙናው የበግ ደም የተቀላቀለበት ቀይ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ይሰመርና በሰውነት ሙቀት ልክ ያድራል። በማግሥቱ ሳህኑ ወደ ብርሃን ሲያዝ፣ ስትሬፕ ኤ ካለ፣ ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማይበልጡ ግራጫ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ በእያንዳንዳቸው ዙሪያ ደሙ ተበልቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ተፈጥሯል። ካልታየ ሳህኑ ተመልሶ ይገባና በ48 ሰዓት እንደገና ይነበባል። ጥሩ ምርመራ ነው፤ የበቀለው ሕያው ባክቴሪያ መሆኑንም ያረጋግጣል። ችግሩ ጊዜው ነው። በልጆች ላይ ፈጣኑ ምርመራ ኔጋቲቭ ሲሆን ካልቸር መጨመር የቆየ ደንብ ሲሆን፣ ሞለኪውላሩ በብዙ ክሊኒኮች የዚያን ካልቸር ቦታ ወስዷል፤ ኔጋቲቭ ሲል ለስትሬፕ ኤ ተጨማሪ ካልቸር አያስፈልግም። አንዲት እናት በሁለት ቀን ምትክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁርጡን አውቃ ወደ ቤቷ መሄዷ ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያውን የምነቅፍ እንዳይመስልዎ፤ የምነቅፈው ያለቦታው መጠቀምን ነው።

ወደ ሁለተኛው ጉብኝት ስንመጣ የነገሩ ሥር እዚያ ይገኛል። ልጅዎ ንፍጥና ሳል ነበራት። ንፍጥ፣ ሳል፣ የድምፅ መጎርነን፣ የዓይን መቅላት፣ የአፍ ውስጥ ቁስል የቫይረስ ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህ ጎልተው ሲታዩ የስትሬፕ ምርመራ እንዳይሠራ ከላይ የጠቀስሁት መመሪያ ይመክራል። ምክንያቱም በጉሮሯቸው ስትሬፕ ኤ ይዘው፣ ሳያሳምማቸው የሚኖሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ተሸካሚዎች እንላቸዋለን። በርካታ ጥናቶችን የደመረ ግምት ጤነኛ ከሆኑ ሕፃናትና ልጆች 12 በመቶ ያህሉ ተሸካሚ እንደሆኑ ያሳያል።

ይህ ቁጥር በተግባር ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። ክረምት ላይ ጉንፋን የያዛቸው 100 ተማሪዎች ወደ አንድ ክሊኒክ መጡ እንበል፤ ሁሉንም ያሳመማቸው ቫይረስ ነው። ለሁሉም የሞለኪውላር ምርመራ ቢሠራ 12 ያህሉ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። 12ቱም አንቲባዮቲክ ይታዘዝላቸዋል። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሲለቃቸው ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጉንፋን ደግሞ ምርመራው እንደገና ፖዘቲቭ ይሆንና እናት «ስትሬፕ ተመላለሰባት» ብላ ትጨነቃለች። በሌላ በኩል ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል የለበሰ ቶንሲል፣ ሲነካ የሚያም የአንገት ንፍፊት ያላቸው፣ ሳል የሌላቸው 100 ልጆች ቢመጡ ግማሽ ያህሉ ላይ ስትሬፕ ይገኛል። ግማሹ ላይ ደግሞ አይገኝም፤ ሐኪም ጉሮሮ አይቶ ብቻ መለየት ስለማይችል ምርመራው የተፈለገው ለእነዚህ ነው። አንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር እኩል ክብደት እንደሌለው ልብ ይበሉ። ክብደቱን የሚወስነው ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ልጁ ላይ የታየው ነገር ነው።

ሦስተኛው ምርመራ፣ ባይሠራ ይሻል ነበር ብልም፣ ከተሠራ ወዲያ አንድ ነገር ያስተምረናል። ልጅዎ ፍጹም ጤነኛ ሆና፣ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ጨርሳ ፖዘቲቭ ሆነች ማለት ወይ የሞተ ባክቴሪያ ቅሪት አለ፣ ወይም ይበልጥ የምገምተው፣ ተሸካሚ ናት። ሁለተኛው ከሆነ የጉንፋኑ ጊዜ ውጤትም ያኔውኑ የተሸካሚነቷ ውጤት ነበር ለማለት ያስደፍራል። ተሸካሚነት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ተሸካሚ ልጅ ባክቴሪያውን ወደ ሌላ የማስተላለፍ ዕድሏ ዝቅተኛ ነው፤ እርስዎ ለሚፈሩት የልብ ችግርም የመጋለጥ ዕድሏ እንዲሁ በጣም ዝቅተኛ ነው።

«መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆን?» የሚለው ሥጋት ከብዙ ወላጆች ይመጣል። ፔኒሲሊን ሥራ ላይ ከዋለ 80 ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ በሕክምና ላይ ፔኒሲሊንን የተቋቋመ ስትሬፕ ኤ አልታወቀም። አሞክሲሲሊንም የዚያው ቤተሰብ ነው። በባክቴሪያ ዓለም እንዲህ ያለ ታማኝነት ብርቅ ስለሆነ ልንንከባከበው ይገባል። መላመድ የሚታየው አዚትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ባሉበት ቡድን ላይ ነው። ስለዚህ ፔኒሲሊን ለሚስማማው ልጅ ‹ጠንከር ያለ› ተብሎ አዚትሮማይሲን መስጠት ከጠንካራው ወደ ደካማው መሄድ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ፔኒሲሊን አለርጂ ላለባቸው የሚያዙ ናቸው፤ እዚያም ላይ የሞለኪውላሩ ምርመራ ውስንነት ይታያል፤ ባክቴሪያው ለየትኛው መድኃኒት እንደሚበገር አይነግርም። ያንን ለማወቅ ካልቸር ያስፈልጋል።

የእኅትዎ ፍርሃት ከየት እንደመጣ በሚገባ አውቃለሁ፤ አላቃልለውምም። ሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ዛሬም ወጣቶችን ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር፣ ነፍሰ ጡር እናቶችን ለአደጋ የሚያጋልጥ በሽታ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ባክቴሪያው ወደ ልብ ሄዶ አይደለም፤ ሰውነት ለጉሮሮው ኢንፌክሽን ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የልብ ቫልቮች፣ መገጣጠሚያዎችና አንጎል ሲያጠቃ ነው። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል፤ ከጉሮሮ ሕመሙ ከ1 እስከ 5 ሳምንት በኋላ ይከሠታል። በዋዮሚንግ ግዛት በሚገኘው በዋረን የአየር ኃይል ሰፈር የተደረገውና በ1950 የታተመው ጥናት የጉሮሮውን ኢንፌክሽን በፔኒሲሊን ማከም ሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አሳየ። ከዚያም ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ቢጀመር እንኳ መከላከሉ እንደማይቀር ታወቀ። ልጅዎ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታክማለች፤ ሙሉውንም ጨርሳለች። ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የለም። ዘጠኙ ቀን ሌላም ነገር ይነግረናል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ውጤት ጠብቆ መድኃኒት መጀመር ልብን ለአደጋ አይጥልም።

ኤኤስኦ ግን ለዚህ ጥያቄ የተሠራ ምርመራ አይደለም። የሚለካው ሰውነት በስትሬፕ መርዝ ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከኢንፌክሽኑ በኋላ ሳምንት ያህል ቆይቶ መጨመር ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ለወራትም ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ባለፈው ወር ስትሬፕ የታመመችው ልጅዎ ዛሬ ብትመረመር ከፍ ብሎ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው፤ የሚነግረንም አስቀድመን የምናውቀውን ነው። በዕድሜዋ ያሉ ጤነኛ ልጆች መጠንም ከአዋቂዎች ይበልጣል፤ በአዋቂ መለኪያ ከተነበበ ብዙ ጤነኛ ልጆች በሽተኛ ይባላሉ። በአገራችን በብዙ ክሊኒኮች የጉሮሮ ሕመምን ለመለየት ወይም ለማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም ኤኤስኦ ይታዘዛል፤ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻም ልጆች ለዓመታት መርፌ ሲወጉ ይኖራሉ። የምርመራው ትክክለኛ ቦታ የሩማቲክ ትኩሳት ወይም የኩላሊት ብግነት ምልክት የታየበት ልጅ ከዚያ በፊት ስትሬፕ እንደያዘው ማረጋገጫ ሲፈለግ ነው። ለእኅትዎ ይህንኑ ይንገሯት። ምልክቶቹንም አብራችሁ እወቋቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ እብጠትና ሕመም፣ ያለ ምክንያት ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም፣ ልጅቷ ልትቆጣጠረው የማትችለው የእጅና የፊት መወራጨት፣ የፊት ማበጥ ወይም እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ቶንሲልን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይውጣ። ስለ ቀዶ ሕክምና ማሰብ የሚጀመረው በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ 2 ዓመታት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ጊዜ በሐኪም የተመዘገበ እውነተኛ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሲኖር ነው። የእርስዎ ልጅ ያላት አንድ ነው። ተሸካሚነትም ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም። አገር ቤት ለእረፍት ስትሄዱ «እንጥሏ ይቆረጥ» የሚል ዘመድ ቢገኝ ደግሞ በፍጹም እንዳይፈቅዱ። እንጥል መቁረጥ ስትሬፕን አያክምም፤ ደም በማፍሰስና በኢንፌክሽን ሕፃናትን ገድሏል።

የ2 ዓመቱ ወንድሟ ካላመመው አይመርመር። ጤነኛ ቤተሰብን መመርመር ተሸካሚዎችን ከመቁጠር ሌላ ፋይዳ የለውም፤ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ደግሞ የስትሬፕ ጉሮሮም ሆነ ሩማቲክ ትኩሳት እምብዛም አይታይም። ይህ ምክር የሚለወጥበት አንድ ሁኔታ አለ። በቤታችሁ ውስጥ ሩማቲክ ትኩሳት ወይም ሩማቲክ የልብ ሕመም የነበረበት ሰው ካለ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያኔ ተሸካሚን መመርመርና ክሊንዳማይሲን በመሰለ ሌላ መድኃኒት ባክቴሪያውን ለማጥፋት መሞከር ተገቢ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያውያን ቤት ይህ ብርቅ ታሪክ አይደለም፤ የአሜሪካ ሐኪም ግን ካልነገሩት ላይጠይቅ ይችላል።

ስለ ምርመራው ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከሁሉ በፊት የናሙናው አወሳሰድ ነው። ዘንጉ ሁለቱንም ቶንሲሎችና የጉሮሮውን የኋላ ግድግዳ አሸት አሸት አድርጎ መጥረግ አለበት፤ ምላስን፣ ጉንጭን ወይም እንጥልን ብቻ ነክቶ ከወጣ የዓለም ምርጥ መሣሪያም «አልተገኘም» ይላል። ልጅቷ ለአፍታ ማቅለሽለሿ አይቀርም፤ ጭንቅላቷን አቅፈው ቢይዙላት ሥራው በሴኮንዶች ያልቃል። ሁለተኛ፣ ኔጋቲቭ ማለት ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው የሚፈልገው ስትሬፕ ኤን ብቻ ከሆነ ስትሬፕ ሲ እና ስትሬፕ ጂ የተባሉትን ባክቴሪያዎች፣ በጎረምሶችና በወጣቶች ላይ የሚታየውን ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም የተባለ ባክቴሪያ፣ ወይም ብዙ ድካምና እብጠት የሚያመጣውን የኤፕስታይን ባር ቫይረስ አያይም። ኔጋቲቭ ሆኖ ሕመሙ ከበረታ ወይም ከ5 ቀን በላይ ከቆየ ሐኪሙ እንደገና ይያት። ሦስተኛ፣ እንዲህ ጥቂት ቅጂ የሚያገኝ መሣሪያ ብክለትንም ያገኛል፤ የሚቀጥለውን ልጅ ናሙና የሚነካው ጓንት መቀየር አለበት። «ውጤቱ አልተነበበም» የሚል መልስ ከመጣም ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ስላልሆነ ናሙናው በአዲስ ዘንግ ይወሰድ።

እኅትዎ የራሷን ልጆች በተመለከተም መጠየቋ አይቀርም። በኢትዮጵያ ብዙ ሆስፒታሎች ለሳንባ ነቀርሳ የሚጠቀሙበት ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ስትሬፕ ኤን የሚመረምር ካርትሬጅ አለው፤ ሆኖም ካርትሬጁ ሌላ፣ ወጪውም ሌላ ነው። እሱን ፍለጋ ከተማ መዞር አያስፈልጋትም። ትኩሳት፣ መግል የያዘ ቶንሲል፣ የሚያም የአንገት ንፍፊት ያለውና ሳል የሌለው ልጅ፣ ምርመራ በሌለበት ቦታ፣ በሐኪም ታይቶ ቢታከም ትክክል ነው። ፔኒሲሊን አለርጂ ለሌለው ልጅ አንድ ጊዜ በጡንቻ የሚሰጥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይበቃል፤ ክብደቱ ከ27 ኪሎ በታች ከሆነ 600,000 ዩኒት፣ 27 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ 1,200,000 ዩኒት። ሩማቲክ የልብ ሕመም ተረጋግጦበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን የሚወጋ ሰው ግን ማንኛውም የጉሮሮ ምርመራ ኔጋቲቭ ሆነ ብሎ መርፌውን እንዳያቋርጥ። ያ መርፌ የተሰጠው የሚመጣውን ለመከላከል ስለሆነ የዛሬው ጉሮሮ ውጤት አይሽረውም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ከሕክምና በኋላ መዳኗን ለማረጋገጥ ብለው ከእንግዲህ አያስመርምሯት። ለሦስተኛው ውጤት መድኃኒት ከታዘዘላት ከማስጀመርዎ በፊት ሐኪሟን «ምንም ምልክት የላትም፤ ተሸካሚ ሆና ይሆን?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህ አስተያየት መዝገቧ ላይ እንዲሰፍርም ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የምታያት ነርስ ወይም ሐኪም ከባዶ አይጀምሩም። ትምህርት ቤት ለመመለስ ኔጋቲቭ ውጤት አያስፈልጋትም፤ እውነተኛ የስትሬፕ ጉሮሮ የያዘው ልጅም ቢሆን ትኩሳቱ ለቆት አንቲባዮቲክ ከጀመረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ካለፈው ይመለሳል። ንፍጥና ሳል ይዛ ጉሮሮዬን አመመኝ ብትል ፈሳሽ፣ ዕረፍትና የትኩሳት ማስታገሻ ይስጧት፤ ክሊኒክም ከሄዱ የስትሬፕ ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ተሸካሚ መሆኗ ግን ከእውነተኛ ሕመም አይጠብቃትም። ድንገት የሚጀምር ትኩሳትና ብርቱ የጉሮሮ ሕመም ያለ ሳልና ያለ ንፍጥ ከመጣባት፣ ወይም ሲዳሰስ የሚሻክር ቀይ ሽፍታ ሰውነቷን ካለበሰው ትመርመር፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ተሸካሚነቷ ነው ብሎ ማለፍ ስለማይቻል ሙሉ 10 ቀን ትታከም። ምራቋን መዋጥ አቅቷት ከአፏ ከፈሰሰ፣ አፏን መክፈት ካቃታት፣ ድምፅዋ ከታፈነ፣ አንገቷ በአንድ በኩል ካበጠ ወይም አተነፋፈሷ ከከበደ ደግሞ የምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።